ቆላና ደጋን የማይለይ ባሩድ

የጠመንጃ ባሩድ ፍሬ በአጉሊ መነጽር ስትታይ ቱቦ ናት። ርዝመቷ ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሁለቱም ጫፎቿ በስለት ተስተካክለው ተቆርጠዋል፤ መሐሏን ደግሞ ዓይን የማይለያት ቀጭን ቀዳዳ ከዳር እስከ ዳር በስታታለች። ላይዋ በግራፋይት ስለተቀባ ጥቁር ግራጫ ሆኖ ያብለጨልጫል፤ የነካት ጣትም ጥላሸት ይይዛል። አንድ የአደን ጥይት ቀለሃ ውስጥ እንዲህ ያሉ ፍሬዎች ከሺህ በላይ ይገባሉ። አንዷን ከሌላዋ ለመለየት ቢሞክሩ አይሳካም፤ ሁሉም በአንድ ልክ ተቆርጠዋል፣ ሁሉም ተበስተዋል።

የቀዳዳዋ ምሥጢር ሲገባ ሠሪውን ማድነቅ ይመጣል። ፍሬዋ ስትነድ ከውጭ ወደ ውስጥ እየተበላች ትቀጥናለች፤ ስለዚህ በውጭ በኩል የሚነደው ገጽ ይቀንሳል። በዚያው ቅጽበት ቀዳዳዋ ከውስጥ እየሰፋች ትሄዳለች፤ በውስጥ በኩል የሚነደው ገጽ ይጨምራል። ከውጭ የጎደለው ከውስጥ ይሟላል ማለት ነው። ጋዙ በአንድ ጊዜ ፈንድቶ እንደማለቅ አረሩን ከአፈሙዙ መነሻ እስከ ጫፍ እየገፋ ይከተለዋል። ይህ ሁሉ ተጀምሮ የሚያልቀው በአንድ ሺህኛ ሰከንድ ገደማ ነው። ዓይን ሊያየው ለማይችለው ጊዜ ተብሎ ይህን ያህል መጨነቅ የሚገርም ነው።

ፍሬዋ ግን አንድ አመል አላት። ቆላና ደጋ ትለያለች። ሲሞቃት ትቸኩላለች፣ ሲበርዳት ትዘገያለች። ባሩድ ሠሪዎችና ጥይት በእጃቸው የሚሞሉ ሰዎች ከመቶ ዓመት በላይ ሲታገሉት የኖሩት ይህን አመል ነው።

በጉራጌዋ እንሴኖ ከተማ ላለ ሰው ነገሩን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በስተምዕራብ ዘቢዳር አለ፤ 3,719 ሜትር ከፍታ ላይ ጉም ለብሶ የሚውል ተራራ። በስተምሥራቅ መሬቱ እየተንጣለለ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይወርዳል፤ የሐይቁ ገጽ 1,636 ሜትር ላይ ነው። ከሐይቁ ማዶ እንደገና ሽቅብ ነው፤ የአርሲው ጭላሎ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። አየር ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀዘቅዛል። ከሐይቁ ዳር እስከ ጭላሎ አናት ያለው ከፍታ ብቻውን 15 ዲግሪ ይቀንሳል። የቀትርና የንጋት ልዩነት ሲታከልበት ክፍተቱ 30 ዲግሪ ለመድረስ አይቸገርም። መስቃንና ማረቆ በርበሬ የሚሰጣበት ፀሐይና አርሲ ላይ ሣሩን የሚያነጣው ውርጭ በአንድ ቀን የመኪና መንገድ ውስጥ ናቸው።

እኛ ዘንድ ጥይት በእጅ መሙላት የግለሰብ ሙያ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ የሚሠራን መሣሪያና ጥይት አይታገሥም፤ አገራችን ካለችበት ሁኔታ አንጻር ተገቢ ይመስለኛል። ጥበቡ ወደዚህ የሚመጣው በእንግዳ ሻንጣ ነው። የደጋ አጋዘን በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም፤ መኖሪያውም ከስምጥ ሸለቆ በስተምሥራቅ ያሉት የአርሲና የባሌ ተራሮች ናቸው። የውጭው ሳይንስ ያወቀው ዘግይቶ፣ በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ዛሬ ፈቃድ ያወጣ አዳኝ እንደ ሙኔሳ ባሉ ቁጥጥር የሚደረግባቸው የአደን ቀበሌዎች በኮታ ያድነዋል። ያው ሰው በዚያው ጉዞ ወደ ኦሞ ቆላ ወርዶ ጎሽ ወይም ወደ አዋሽ በረሃ ዘልቆ ሳላ ይፈልግ ይሆናል። በአውሮፕላን ይዞ እንዲገባ የሚፈቀድለት ጥይት 5 ኪሎ ብቻ ነው። ስለዚህ አገሩ ጠረጴዛ ላይ፣ ምናልባትም በክረምት፣ የሞላው አንድ ዓይነት ጥይት ለውርጩም ለበረሃውም መሆን አለበት። እንዲህ ያለ ፈተና የሚያወጣ አገር ብዙ አይደለም።

የአድዋ አርበኛ ይህ ችግር አልነበረበትም። ውጅግራ ያልነው የፈረንሳዩ የ1874 ሞዴል ጠመንጃ የሚጎርሰው 11 ሚሊ ሜትር ጥይት በጥቁር ባሩድ የተሞላ ነበር። ያ ባሩድ ጭሱ ተኳሹን ያጋልጣል፣ አፈሙዙን ያጨቀያል፣ እርጥበት ከነካውም ዋጋ የለውም፤ ሙቀትና ብርድ ግን ያን ያህል አይለዋውጡትም። የዚህ ጠመንጃ ጥይት በየገበያው በዝርዝር ገንዘብ ፈንታ ይሰጥና ይቀበል እንደነበር የታወቀ ነው። ጨው ሊገዛበት የወጣ ጥይት ዝናር ውስጥ ከርሞ፣ ፀሐይ መትቶት፣ ከአንዱ ገበያ ወደ ሌላው ተዘዋውሮ በመጨረሻ ሲተኮስ ከሞላ ጎደል እንደ መጀመሪያው ቀኑ ይሠራል። እርጥበት እንዳይነካው መጠበቅ ብቻ ነው።

የሙቀት ጣጣ የመጣው ጭስ አልባው ባሩድ ሲመጣ ነው። ፖል ቪዬ የተባለው ፈረንሳዊ ኬሚስት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1884 ከናይትሮሴሉሎስ ሠራው፤ ሁለት ዓመት ሳይቆይ ለበል ጠመንጃ ተወለደ። አልፍሬድ ኖቤል በ1887 ናይትሮግሊሰሪን ጨምሮበት ኃይሉን አሳደገው። እንግሊዞች በ1889 ኮርዳይት ያሉትን አወጡ፤ ረጃጅም ክር የሚመስል፣ በመጀመሪያ ቅመሙ ከግማሽ በላይ ናይትሮግሊሰሪን የሆነ ባሩድ። ኮርዳይት እንግሊዝ አገር ጉም ውስጥ ሲሞከር ጨዋ ነበር። ሕንድና አፍሪካ ሲወርድ ግን ፀሐዩ አሳበደው። ግፊቱ ከልክ እያለፈ፣ የተተኮሰው ቀለሃ እየተጣበቀ አልወጣ ይል ጀመር። ጎሽ ፊት ቆሞ ቀለሃ የማይወጣለት ሰው ምን እንደሚሆን መገመት ነው።

የለንደኑ ጠመንጃ ሠሪ የጆን ሪግቢ ቤት ለዚህ የሰጠው መልስ የናስ መልስ ነበር። በ1911 ነጥብ 416 ሪግቢ የተባለውን ጥይት ሲያወጣ ቀለሃውን ሆን ብሎ አሰፋው። ሰፊ ቤት ውስጥ ያው ኃይል በዝቅተኛ ግፊት ይገኛል፤ ቀትር ላይ ግፊቱ ቢጨምር እንኳ የሚጨምርበት ቦታ አለው። ዛሬም በአውሮፓው የሙከራ ደንብ የነጥብ 416 ሪግቢ ከፍተኛ ግፊት 3,250 ባር ሲሆን፣ ሠላሳ-ዜሮ-ስድስት የሚባለው የአሜሪካኖቹ ጥይት 4,050 ባር ይፈቀድለታል። ያን ወፍራም ቀለሃ በእጁ ይዞ ያገላበጠ ሰው ሁሉ ትልቅነቱን ለጉልበት የተሠራ አድርጎ ያስበዋል። ሠሪው ያሰበው ግን የበረሃውን ቀትር ነበር።

የባሩዱ ነበልባል ከ2,000 ዲግሪ በላይ ሆኖ ሳለ የ30 ዲግሪ ልዩነት ምን ሊያመጣ ይችላል ያሰኛል። ወሳኙ የነበልባሉ ሙቀት አይደለም፤ ገና ያልነደደው ንጣፍ ለመቀጣጠል ምን ያህል እንደቀረው ነው። ናይትሮሴሉሎስ የሚቀጣጠለው 170 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። አርሲ ላይ በ0 ዲግሪ ያደረች ፍሬ እያንዳንዱ ንጣፏ 170 ዲግሪ መሰላል መውጣት አለበት፤ ኦሞ ላይ በ40 ዲግሪ የዋለችው 130 ብቻ። መሰላሉ ሲያጥር እሳቱ ፈጥኖ ወደ ሚቀጥለው ንጣፍ ይሻገራል፣ ጋዙ ይፈጥናል፣ ግፊቱ ያድጋል፤ ግፊቱ ሲያድግ ደግሞ እሳቱ ይብሱን ይፈጥናል።

ቁጥሩ እንዲህ ነው። ሙቀት የሚለዋውጠው ባሩድ በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከግማሽ እስከ አንድ ሜትር በሰከንድ ያህል የአረሩን ፍጥነት ይቀይራል። ጥሩዎቹ ከዚያ ሩብና ከሩብ በታች ናቸው። በሰከንድ 800 ሜትር የሚወጣ አረር እንውሰድ። በ30 ዲግሪ ልዩነት በክፉው ባሩድ 24 ሜትር ያህል ፍጥነት ያጣል ወይም ያገኛል። 300 ሜትር ርቀት ላይ ይህ ወደ 5 ሳንቲ ሜትር፣ 500 ሜትር ላይ 16 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ወይም ዝቅ ያደርገዋል። በጥሩው ባሩድ የ500 ሜትሩ ስሕተት 4 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው።

እዚህ ላይ ተራራው ራሱ ሒሳቡን ያወሳስበዋል። ባሩድ የሚነደው በተዘጋ ቀለሃ ውስጥ ስለሆነ የውጭው አየር መሳሳት አያገባውም፤ አረሩ ግን የሚበረው በዚያ አየር ውስጥ ነው። 3,500 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፉ በ30 በመቶ ገደማ ይሳሳል፤ አረሩም እምብዛም አይገታም። ብርዱ ከፍጥነቱ የወሰደውን ቀጭኑ አየር በከፊል ይመልስለታል። አዳኙ ይህን ሳያውቅ አገሬ ላይ እንዳስተካከልኩት መታልኝ ብሎ ደስ ይለዋል። ሁለት ስሕተቶች ተጣፍተውለት ነው።

እውነቱን ለመናገር 300 ሜትር ላይ ለቆመ የደጋ አጋዘን 5 ሳንቲ ሜትር ምንም ማለት አይደለም። የአዳኙ ትንፋሽ ከዚያ የበለጠ ያዛባል። ታዲያ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን? አንደኛው መልስ ግፊቱ ነው፤ ሲበዛ መሣሪያውንም ሰውየውንም ይጎዳልና። ሌላው መልስ ግን በየትኛውም ሙያ ያለ ነው። ጥሩ ሠሪ ከሚያስፈልገው ጥቂት አልፎ ይሄዳል።

የዘመኑ መልስ የኬሚስት መልስ ሆኗል። ቫርጌትና ኤች 4350 የሚባሉት፣ አሜሪካ ውስጥ በሆጅደን ስም የሚሸጡት ባሩዶች የሚሠሩት አውስትራሊያ፣ ኒው ሳውዝ ዌልስ፣ ሙልዋላ በተባለች ከተማ ነው። በረሃ የሚያውቅ አገር ሙቀት የሚችል ባሩድ መሥራቱ አያስደንቅም። ከብርዱ ወገን ደግሞ ስዊድን አለች፤ ሪሎደር 16 የሚወጣው ከካርልስኩጋ ነው። ፊንላንዶችም በቪህታቩኦሪ የራሳቸው አላቸው። የእያንዳንዱ ፋብሪካ ቅመም የተቆለፈ ምሥጢር ነው። በጥቅሉ የሚታወቀው በፍሬዋ ቅርጽና በላይዋ ላይ በሚቀባው እሳት አዘግዪ ቅባት መካከል ያለው ሚዛን መሆኑ ነው። ቅባቱ ጥቂት ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ መጀመሪያ ላይ እሳቱን ይይዘዋል፣ ኋላ ይለቀዋል። በየትኛው ጥልቀት፣ በምን ያህል መጠን የሚለው ነው ሙያው።

ሙቀት የሚችለው ባሩድ ግን ጥይት ለሚሞላው፣ ለሞይው፣ ሁልጊዜ አይቀናውም። ክብ ባሩድ የሚባለው፣ ፍሬው ድቡልቡል የሆነው፣ መስፈሪያ ውስጥ እንደ ጤፍ ይፈስሳል፤ አንድ ጊዜ ካስተካከሉት መቶውንም ቀለሃ እኩል ይሰፍራል። ነገር ግን ድቡልቡል ፍሬ ቀዳዳ ስለሌለው እየነደደ ሲሄድ ገጹ ይቀንሳል፤ ያን ለማካካስ ብዙ ቅባት ይጫንበታል፤ ብዙ ጊዜም ናይትሮግሊሰሪን አለበት። አብዛኛውም የሙቀት ለውጥ ይሰማዋል። ባለ ቀዳዳዋ ቱቦ በአንጻሩ ሙቀቱን ትችላለች፤ መስፈሪያ ውስጥ ግን ትንገላታለች። ፍሬዎቹ እርስ በርስ ይደጋገፋሉ፣ ይጣመማሉ፤ የመስፈሪያው ከበሮ ሲዞር አንዲቷ ጠርዙ ላይ ትያዝና ቀጭ ብላ ትቆረጣለች። ያን ድምፅ የሰማ ባለሙያ የሰፈረውን መልሶ ሚዛን ላይ ያወጣዋል። ስለዚህ የሚረጋጋውን ባሩድ የመረጠ ሰው አብሮ የእጅ ሥራ መርጧል። በመስፈሪያው ዝቅ አድርጎ ይሰፍራል፤ የቀረውን በጣቶቹ መካከል ከያዘው ትንሽ ማንጠባጠቢያ ፍሬ በፍሬ እየጨመረ ሚዛኑን ይሞላል። የሙያው መለኪያ ግሬን ነው፤ አንዱ 65 ሚሊ ግራም ገደማ። ጥሩ ሚዛን የአንድ ግሬንን አሥረኛ ይለያል፤ ከዚያ ያነሰውን፣ አንዲት ፍሬ እንኳ ስትጨመር የሚያሳይም አለ። እንዲህ ሲሞላ የሚያመሽን ሰው ዕብድ የሚሉት አይጠፉም። እኔ በግሌ መስፈሪያውን አምኖ ከሚቸኩለው ይልቅ ይህኛውን እመርጣለሁ።

የባሩዱ ቆርቆሮ ላይ «ሙቀት አይለውጠውም» ተብሎ የተጻፈውን ግን ጥሩ ሞይ እንደ መጨረሻ ቃል አይወስደውም። የባሩድ ጠባይ የሚታወቀው ከቀለሃው ስፋት፣ ከአረሩ ክብደት፣ ከቀለሃው ቂጥ ላይ ከምትቀመጠው እሳት ለኳሽ ካፕሱል ጋር ሲጋባ ነው። አንዱ ቀለሃ ውስጥ ፍጹም የረጋ ባሩድ ሌላው ውስጥ ሊያመፅ ይችላል። ስለዚህ ባለሙያው በአንድ ቀን፣ በአንድ ሚዛን፣ ከአንድ ቆርቆሮ የሞላውን ጥይት ለሦስት ይከፍለዋል። አንዱን በበረዶ ሳጥን ያሳድራል፣ አንዱን በጥላ፣ አንዱን ለብ ባለ ሳጥን። ከዚያ በተኩስ ሜዳ የፍጥነት መለኪያ አስቀምጦ እያፈራረቀ ይተኩሳል፤ በመካከሉ አፈሙዙ እንዲቀዘቅዝ ይታገሣል። የጋለ አፈሙዝ ያጎረሱትን ጥይት በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚያሞቀው፣ በበረዶ ያደረው ጥይት እዚያው የቆላ ጥይት ይሆንና ሙከራው ሁሉ ይበላሻል። የኔቶ የጥይት ሙከራም በትልቁ ይኸው ነው፤ 21 ዲግሪን መነሻ አድርጎ ከዜሮ በታች 54 እና ከዜሮ በላይ 52 ዲግሪ ላይ ይፈትናል።

ከዚያ የተተኮሰውን ቀለሃ ማንበብ አለ። ይህ እጅግ የምወደው ክፍል ነው። ጤናማ ቀለሃ ሲወጣ የመዝጊያው እጀታ ያለ ትግል ይነሣል፤ የካፕሱሏ ጠርዝ ክብነቱን እንደጠበቀ ይቀራል። ግፊት ሲበዛ መጀመሪያ እጅ ነው የሚያውቀው፤ እጀታው ይከብዳል። ቀጥሎ ካፕሱሏ ተደፍጥጣ ቀዳዳዋን ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ትሞላለች። ከዚያም በቀለሃው ቂጥ ላይ፣ ከተጻፈበት ፊደል አጠገብ፣ የሚያብረቀርቅ ትንሽ ክብ ምልክት ይታያል። ናሱ ተገፍቶ በመዝጊያው ፊት ወዳለው የማስወጫ ቀዳዳ ገብቶ፣ ሲዞር ተላጭቶ ነው። ያን ምልክት በብርድ ቀን ያየ ሰው ያን መጠን ወደ ቆላ ይዞ መውረድ የለበትም። ይህ በተግባር የሚሠራው ትልቁ ስሕተት ነው፤ በክረምት ጠዋት እስከ ጫፉ ተሞልቶ የተፈተነ ጥይት፣ በቀትር የመኪና መስተዋት ሥር ከዋለ በኋላ ያው ጥይት አይደለም።

ሙቀት ባሩድን የሚጎዳው ደግሞ በመተኮሻው ቅጽበት ብቻ አይደለም። ናይትሮሴሉሎስ በዝግታ ራሱን እየበላ የሚኖር ነገር ነው፤ ሙቀት ያፋጥነዋል። ፈረንሳዮች ቱሎን ወደብ ላይ በ1907 ኢዬና፣ በ1911 ሊቤርቴ የተባሉትን የጦር መርከቦቻቸውን ያጡት መጋዘን ውስጥ በተበላሸ ባሩድ ነው፤ በመጀመሪያው ከ100፣ በሁለተኛው ከ200 በላይ ሰው አልቋል። ዛሬ በእያንዳንዷ ፍሬ ውስጥ ዳይፌኒላሚንን የመሰለ ማረጋጊያ አለ፤ ባሩዱ ሲበሰብስ የሚወጣውን አሲድ እየያዘ ራሱ የሚያልቅ። ቆርቆሮው ሲከፈት የሚቆጠቁጥ የአሲድ ሽታ ወይም ቀይ ጢስ ካለው ማረጋጊያው አልቋል ማለት ነው፤ እንዲያ ያለ ባሩድ አይሞላም።

እንግዲህ ምርጫው ሁለት ነው። አንዱ ፍጥነት ነው፤ ጥቂት ሜትሮች በሰከንድ የሚጨምር ግን በሙቀት የሚነሣ ባሩድ። ሌላው የረጋው ነው፤ ትንሽ ዘገምተኛ፣ ለመስፈር አስቸጋሪ፣ በውርጭም በሐሩርም ያው። በአንድ የአየር ጠባይ ለሚኖር ሰው የመጀመሪያው ላይከፋ ይችላል። ከሙኔሳ ጫካ ወደ ኦሞ ለሚወርድ ግን ሁለተኛው ይሻለዋል፤ እሱንም ከጫፉ ዝቅ አድርጎ ሞልቶ። ሥራውን የሚያከብር ሞይ የጥይት ሳጥኑ ላይ ትንሽ ወረቀት ይለጥፋል። የቀለሃው ሥሪት፣ የአረሩ ክብደት፣ የካፕሱሏ ዓይነት፣ የባሩዱ ስምና የቆርቆሮው የምርት ቁጥር፣ የተሞላበት ቀን፣ ፍጥነቱ ይጻፋል። ከፍጥነቱ ጎን ደግሞ በቅንፍ የተፈተነበት ሙቀት አለ። ብዙዎች ይህችን ቅንፍ ይዘልሏታል፤ እኔ ሳጥኑን ባነሣ መጀመሪያ የማየው እሷን ነው።